ለአማት የማይላጭ ፀጉር

«ሻሽሽን ላላ አድርጌ ልሰርልሽ። እንዲህ ጠፍንገሽው ራስሽ ሊፈነዳ ነው» አለች አየሁሽ፣ እጇን ወደ ሀብትነሽ ራስ እየላከች።

ሀብትነሽ ወደ ኋላ ሸሸች። የያዘችው የንፍሮ ሳህን ተንጋዶ ሽምብራው መሬት ላይ ተበተነ።

«ተይው እትየ። ራሴን ስላመመኝ ነው። ሳጠብቀው ይሻለኛል።»

«እኔ ምን አልሁ? ንፍሮውስ ምን በደለሽ?» አየሁሽ ጎንበስ ብላ ሽምብራውን ትለቅም ጀመር። ራሷ ትናንት ከቀብር መልስ ተላጭቷል፤ ፀሐይ አይቶት የማያውቀው ቆዳ ነጣ ብሎ ይታያል። የቀበረችው እናቷን ነው።

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። «እሜት አይናዲስ ቢኖሩ ‘ሽምብራ በሎሪ ተጭኖ ነው የሚመጣልሽ?’ ይሏት ነበር።»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ሟቿ አፈኛ ነበሩ። ከምራታቸው ከሀብትነሽ ጋር ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን እንደማይታወቅ የኮኪት ሰው ሁሉ ያውቃል። ሀብትነሽም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ማጅራቷ ወስዳ የሻሹን ቋጠሮ ዳሰሰችው። አልላላም።

ቀኑ እሑድ ነው። እሜት አይናዲስ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አረፉ፤ ቀትር ላይ ተቀበሩ። ነገ ሳልስታቸው ነው። በሳልስት የጎረቤት ሴቶች ውሃ አሙቀው ይመጡና የሐዘን ቤቱን ሴቶች አንድ በአንድ አስቀምጠው ራሳቸውን ያጥቧቸዋል። ያን ጊዜ ሻሽ ሁሉ ይፈታል። እናቷ፣ ባሏ፣ ወንድሟ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ራሷ ተላጭቶ ይገኛል። ምራት ግን አትላጭም። ምራት ሹሩባዋን ፈትታ፣ ቅቤም ሚዶም ሳታስነካው፣ ፀጉሯን አንጨባርራ እስከ አርባው ትቆያለች። ይህን ወግ ሰዎቹ ከደጋ ይዘውት የወረዱት ነው፤ የቆላው ሙቀትም አላስተዋቸውም።

ከሻሹ ስር የሀብትነሽ ራስ ተላጭቷል። ለአማቷ ብላ አይደለም። ለልጇ ነው። ልጇ መሞቱን ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አባቱም ጭምር።

መርዶውን ያመጣችላት መጂዳ ናት፤ በዚያው እሑድ ጠዋት። መጂዳ መተማ ዮሐንስ ላይ ሱቅ አላት። በገበያ ቀን ኮኪት እየመጣች ሳሙና፣ ሽቶ፣ የላስቲክ ጫማና ሚዶ ምንጣፍ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። ቶብ የሚባለውን ሰፊ መጎናጸፊያዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ዳሱ ገባች፤ «አላህ ያጽናችሁ» ብላ ተቀመጠች። ሻይ ቀረበላት። ሁለት ጊዜ ፉት አለችና ብርጭቆውን አስቀምጣ ሀብትነሽን በዓይኗ ጠራቻት።

ከጓሮ፣ ከማሽላው አገዳ ክምር ጀርባ ተገናኙ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ» አለች መጂዳ። ሌላ ጊዜ ወሬዋ ማቆሚያ የለውም። ያን ጠዋት ቃል አጠራት። ከቶቧ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠቻት።

ሀብትነሽ ጨርቁን ፈታችው። ሚዶ ነው፤ ዞቢ ከሚባለው ጥቁር የቆላ እንጨት የተቀረጸ። እጀታው አልቆ ለስልሷል። ከጥርሶቹ ግን የመሃሉና ከእሱ በስተግራ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው የወጡት። የቀረው ገና ጠፍጣፋ እንጨት ነው። ልጇ ይርዳው የሚዶ ጥርስ ሲያወጣ ከመሃል ነበር የሚጀምረው። «ከዳር ከጀመርሁ መጨረሻው ላይ ወይ ይጠበኛል ወይ ይሰፋኛል፣ እማ። ከመሃል ስጀምር ግን ሁለቱም ጎን እኩል ይደርሳል» ይላት ነበር።

«ለምን ሳይጨርሰው ላከው?» አለች ሀብትነሽ። እየጠየቀች መልሱን ታውቀው ነበር።

«ወባ ነው። ሦስት ቀን ብቻ። ራሱ ላይ ወጣበት አሉኝ። ወላሂ፣ ያገሩ ልጆች ከአጠገቡ አልጠፉም። መርፌም ተወግቷል።»

«መቼ?»

«ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀኑ።»

ሀብትነሽ በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። ያን ቀን ሰሊጥ ስታራግፍ ነበር የዋለችው። የአንዷ መቀነት ተፈትቶ ወድቆ ሁሉም ሲስቁ እሷም እንባዋ እስኪመጣ መሳቋ ትዝ አላት።

«ቄስ ነበር?»

«እነሱም ስደተኞች አይደሉ? ቄስም ዲያቆንም አላቸው።»

«ቦታው ደረቅ ነው ወይስ ውሃ የሚተኛበት?»

«የቱ ቦታ?»

«የተቀበረበት።»

መጂዳ አፏን በቶቧ ጫፍ ያዘች። «ደረቅ ነው እህቴ። ከፍ ያለ ነው።» አይታው ይሁን ለማጽናናት ብላ አልታወቀም።

ከዳሱ በኩል የባሏ የዘሩ ልቅሶ ተሰማ። አዲስ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር እናቱን እየጠራ እንደ አዲስ ያለቅሳል። ሀብትነሽ ሚዶውን ቶሎ ብላ ጠቀለለችው።

«መልሰሽ ውሰጅው።»

«ሀብትነሽ! የልጅሽ እጅ ያረፈበት የመጨረሻው ነው እኮ!»

«ውሰጅው ብያለሁ። እዚህ ቤት ከተገኘ ዘሩን ይወስዱታል። ለእሱም እንዳትነግሪው። ከሰማ ይጮኻል። ጩኸቱን ታውቂዋለሽ።»

መጂዳ ጥቅሉን ወደ ብብቷ መለሰችው። በጓሮ በር ወጣች። ሀብትነሽ ባለችበት ቀረች።

አየሁሽ የተላጨችበት ምላጭና የቆርቆሮ ጣሳው ከአገዳው ክምር ስር እንደተቀመጡ ነበሩ። ጣሳው ውስጥ ጥቂት ውሃ ቀርቷል። ሀብትነሽ ቁጭ አለች። ሹሩባዋ የተፈታው ትናንት ስለነበር ፀጉሯ በትከሻዋ ላይ ፈስሶ ነበር። በውሃ አርሳው በግራ እጇ ያዘችው፤ በቀኟ ምላጩን አነሣች። እናቷ ስትሞት እንዲሁ አድርጋለች። ከይርዳው በፊት የወለደችው ሕፃን ሲሞትባትም እንዲሁ። እጇ መንገዱን ያውቀው ስለነበር ምንም አላሰበችም። ግራ ጆሮዋ ጀርባ ላይ ምላጩ ሲቆርጣት እንኳ አልተሰማትም።

የነቃችው ነፋሱ ራሷን ሲያበርዳት ነው። እጇን ሰደደች። ራቁቱን ነው። ጉልበቷ ላይ ያለውን የፀጉር ክምር አየች። ምን አድርጌ ነው? ማን ሞተብኝ ልል ነው?

ፀጉሩን ከክምሩ ስር በጥፍሯ ጭራ ቀበረችው። ሻሿን ጠፍንጋ አሰረች። ከዚያ ተመልሳ ዳሱ ገባችና ንፍሮ ማዞር ጀመረች።

የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። በግንቦት የሦስተኛው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ተመልማዮች ስም ቀበሌው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ሀብትነሽ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ከለየች ገና ዓመቷ ነው። ሰው ሲጋፋ እሷም ተጋፍታ ደረሰች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ እያስኬደች ከላይ ወደ ታች ወረደች። ይ። ር። ዳ። ው። ሳትንተባተብ ያነበበችው የመጀመሪያው ስም ያ ነበር። መምህርቷ ብታያት ታጨበጭብላት ነበር። እሷ ግን ጣቷን ከስሙ ላይ ማንሣት አቃታት።

በዚያው ሳምንት ይርዳው ከቀን ሠራተኞች ጋር ተቀላቅሎ መተማን አልፎ ድንበሩን ተሻገረ። አባቱ ቀበሌ ሄዶ፣ «ልጄ ሥራ ፍለጋ ገለጉ ወርዷል፤ የሰሊጡ አጨዳ ሲያልቅ አመጣዋለሁ» አለና ዋስ ሆኖ የጣት አሻራውን አኖረ። አሁን ሰሊጡ አልቋል።

ሦስት ቤት አልፎ የአያ አምባው ቤት አለ። የእሳቸው ልጅ በሁለተኛው ዙር ጠፍቶ ማዶ መሻገሩ ሲታወቅ፣ አባትየው በመኪና ተጭነው ወደ ጎንደር ተወሰዱ። ሚስታቸው መንበረ በየወሩ ስንቅ ትልካለች። ሳህኑ ባዶውን ይመለስላታል። ማን እንደበላው የሚነግራት የለም። ሀብትነሽ በደጃፏ ባለፈች ቁጥር መንበረ ሳህኑን አገላብጣ ስታየው ታገኛታለች።

ይርዳው ሚዶ መቅረጽ የተማረው አባቱ የትራክተር ረዳት ሆኖ ገለጉ በሠራበት ዓመት ነው። እዚያ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ዛፍ ስር ተቀምጠው ይቀርጹ ነበር። ሚዷቸው እጀታው ረጅም፣ ጥርሱ ጥቂትና ወፍራም ነው፤ ሴቶቻቸው ፀጉራቸው ላይ ሽቅብ ይሰኩታል፤ ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ይርዳው ዐሥር ቀን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ዋለ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሽማግሌው ቁራጭ ዞቢና ቢላዋ ወረወሩለት። ቋንቋቸውን አያውቅም፤ እሳቸውም የእሱን አያውቁም። ሲያጠፋ እጁን መታ ያደርጉታል፤ ሲያምርለት ዝም ይላሉ።

ኮኪት ተመልሶ ለጎጃምና ለወሎ ሠራተኞች የጎፈሬ ሚዶ ይሠራ ጀመር። ሳይሸጠው በፊት ግን እናቱ ራስ ላይ ይሞክረዋል።

«እማ፣ ራስሽን አምጭው።»

«ሂድ ወዲያ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። የሰው ፀጉር ቢነጭ በኋላ የሚሰደበው ማን ነው? አንች።»

«ስድቡን ከአያትህ ለምጀዋለሁ።»

ጥርሱ ፀጉሯን ከያዘ አይሸጠውም፤ በጠርሙስ ስባሪ እንደገና ይፍቀዋል። ሲጨርስ ሚስማር እሳት ላይ አግሎ እጀታውን ዙሪያውን በጥቃቅን ነጥብ ይተኩሰዋል። «ሰሊጥ ነው» ይላል። እሜት አይናዲስ በበኩላቸው «የገበሬ ልጅ ሆኖ የሴት ራስ ሲጎረጉር ይውላል!» እያሉ ሲሰድቡት ይውሉና የሠራላቸውን ሚዶ ትራሳቸው ስር ደብቀው ይተኙ ነበር።

ከሄደ በኋላ ሁለት ወር ወሬው ጠፋ። በነሐሴ አንድ የገበያ ቀን ሀብትነሽ በመጂዳ ምንጣፍ ላይ ባለ ሰሊጥ ሚዶ አየች። አነሣችው።

«ለአንች አልሸጥም» አለች መጂዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እየመጣሽ ንኪው፣ አስቀምጭው። ደህና ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየገበያው አንድ ሁለት ይመጣል። ሀብትነሽ ታነሣለች፣ ትዳስሳለች፣ ታስቀምጣለች። ሁሉንም የምትገዛ ሴት ለምን ትባላለች። ሌሎች ይገዛሉ። ውሎ አድሮ ኮኪት ውስጥ በሰው ጎፈሬ ላይ፣ በልጃገረድ ጉንጉን ላይ የልጇን ነጥቦች ታያለች። ባየች ቁጥር ደህና ነኝ እንዳላት ትቆጥረዋለች።

በለቅሶ ቤት ግን ማንም ሚዶ ሰክቶ አይገባም። ቀትር ላይ ከጎጃም የመጡ ሠራተኞች መጥተው ነበር። አንደኛው አጥሩ ጋ ሲደርስ ሚዶውን ከጎፈሬው ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ተቀምጦ እስኪነሣ ድረስ የሀብትነሽ ዓይን ከኪሱ አልተነቀለም።

ከቀትር በኋላ ውባንች መጣች። ውባንች የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ካኪ ጃኬት ከቀሚሷ ላይ ደርባለች። ጎፈሬዋ ላይ ሚዶ እንደተሰካ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ጓዶች።»

«ውባንች፣ ሚዶሽን እንኳ ሳትነቅይ?» አለች አየሁሽ።

«ሚዶ ሬሳ ይቀሰቅሳል እንዴ? ይኸ ኋላ ቀርነት መቼ ነው የሚለቀን!»

«እናቴ በሕይወት ብትኖር ራሷ ትነቅልልሽ ነበር፤ ከነፀጉርሽ።»

ሰዉ ሳቀ። ውባንችም ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ መጥታ ሀብትነሽ ጎን ተቀመጠች። ሚዶው ከሀብትነሽ ዓይን አንድ ስንዝር አይርቅም። ሰሊጦቹን አየቻቸው። አንዱ ነጥብ ጠልቋል፤ አንዱ ሳስቷል፤ ሁለቱ ከመስመር ወጥተዋል። የይርዳው እጅ እንዲህ አይስትም። ይህን ሲተኩስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው? ያኔ አሞት ነበር?

«ምን ታይብኛለሽ?» አለች ውባንች።

«ሚዶሽ... ያምራል።»

«ከመጂዳ ነው፣ ባለፈው ገበያ። ማዶ ነው የሚሠሩት ትላለች። ያንችም ልጅ እንዲህ ይቀርጽ አልነበር?»

ሀብትነሽ ዓይኗን ከሚዶው አነሣች። «የእሱማ የልጅ ጨዋታ ነበር። አሁን አጨዳ ላይ ነው።»

«አጨዳው እኮ አልቋል። ለአያቱ ቀብርስ ይቀራል?»

«ልከንበታል!» አለ ዘሩ ከወንዶቹ በኩል። ቀስ ብሎ መናገር አይችልም፤ ድምፁ ሁልጊዜ የትራክተር ሞተር እንደሚያሸንፍ ነው። «ገለጉ ሩቅ ነው፤ መኪናም የለም። በእግሩ ቢነሣ እንኳ...» እያለ ጀመረና ዓይኑን ወደ ሚስቱ አዞረ። እሱ የሚያውቀው ልጁ ማዶ በሕይወት መኖሩን ነው።

ውባንች መሬቱን አየች። «የኔ ያረጋል በሁለተኛው ዙር ሄደ። ከሄደ ዓመት ከአራት ወሩ። አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የመጣልኝ። ስሙን ያስመዘገብሁት እኔው ነኝ፤ የሊቀመንበር ልጅ ቀረ እንዳይባል። ታዲያ የሰው ልጅ የት እንዳለ ብጠይቅ ክፉ ነኝ?»

«ክፉ አይደለሽም» አለች ሀብትነሽ። ከልቧ ነበር ያለችው።

ውባንች ስትነሣ የሀብትነሽን ሻሽ አየች፤ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ። ሌሎቹ የሐዘን ቤቱ ምራቶችና ዘመዶች ፀጉራቸው ከሻሻቸው ስር ተንጨብርሮ ወጥቷል። ከሀብትነሽ ግን አንዲት ዘለላ አትታይም።

«ነገ ራስ ማጠቡ ላይ እኔም እመጣለሁ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሀብትነሽ መንገዱን ሁሉ መላ ስትፈልግ ነበር። አመመኝ ብል? አስተኝተው ያጥቡኛል። ልጥፋ? በአማቷ ሳልስት የጠፋች ሴት ወሬዋ እሷን ይቀድማታል። ለአየሁሽ ልንገራት? አየሁሽ ልቧ ደግ ነው፤ አፏ ግን በር የለውም። ለዘሩ?

ዘሩ ከፊቷ ይራመዳል። ጢሙ አድጓል። ሲያስነጥስ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚጮህ ሰው ነው። በሬው የሞተበት ዕለት ልቅሶው ከወንዙ ማዶ ተሰምቶ ሰዎች ‘ማን ሞተ?’ ብለው መጥተዋል። ልጁ መሞቱን ቢሰማ፣ ገና ሳያስብ ስሙን ይጠራል። ማዶ አገር ይላል። ዳሱ ሙሉ ሰው ይሰማል። ከዚያ መኪና ይመጣል። ከዚያ እሷም እንደ መንበረ ሳህን ታገላብጣለች። ልጄን አጥቼ ባሌንም በገዛ ምላጬ ላሳስር ነው፣ አለች በልቧ።

ሴቶቹ ትልቁን ድስት በሁለት እንጨት አንጠልጥለው መጡ። ውሃው ይተናል። መቀመጫ ዱካ መሃል ላይ ተደረገ። ወንዶቹ በዳሱ ወዲያኛው ጎን ሆነው ሻይ ይጠጣሉ። ውባንች ሚዶዋን እንደሰካች ቆማለች።

አየሁሽ ቀድማ ተቀመጠች። «ቀስ በሉ፣ ውሃው ያቃጥላል! እንደ ዶሮ ልትነጩኝ ነው?» ሴቶቹ እየሳቁም እያለቀሱም አጠቧት።

«ሀብትነሽ፣ ነይ።»

«ለእኔ ይቅርብኝ። ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«ሞቆ የለ?»

«ወባው ተነሥቶብኝ ነው መሰለኝ...» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች።

«ወባ ያለበት እንዲያውም ይታጠባል» አለች ውባንች። ከኋላዋ መጥታ ነበር። እጇ ቋጠሮው ላይ አረፈ። ሀብትነሽ በሁለት እጇ ልትይዘው ስትል ሻሹ ተንሸራትቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

ውሃ የምትቀዳው ሴት ጣሳውን አንሥታ እንደያዘች ቀረች።

በመጀመሪያ የጮኸችው አየሁሽ ናት። «ውይ እናቴ! ነይና እይ! ‘ትጠላኛለች’ ያልሻት ምራትሽ እንደ ልጅሽ ተላጨችልሽ!» እርጥብ ራሷን ይዛ ሮጣ ሀብትነሽን አቀፈቻት። «አንች ደግሞ! ለናቴ ይኸን ያህል ልብ ነበረሽ? እኔ መች አውቄ!» እውነቷን ነበር፤ አምናለች። ሀብትነሽ የመጣላትን እቅፍ ይዛ ቆመች።

ውባንች ግን አላቀፈቻትም። «ለአማት መላጨት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሀብትነሽ፣ ይኸ ለማን ነው?»

ወደ ወንዶቹ ዞረች።

«ጓድ ዘሩ፣ ሚስትህ ለማን ነው የተላጨችው?»

ዘሩ ከወንዶቹ መሃል ተነሥቶ ነበር። የሚስቱን ራስ አየው። ሀብትነሽ እሱን ብቻ አየች፤ ሌላ ሰው አልታያትም። ዓይኑ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ከዚያ ፍለጋውን ጀመረ። ለእናቱ እንደማይሆን ያውቃል። ወንድም የላትም። ወላጆቿ ድሮ ሞተዋል። እሱ ራሱ ቆሟል። የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዓይኑ እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ የሚሄድበት አጣ።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሻይ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ። ደረቱ በአየር ሲሞላ፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር፣ ከንፈሩ ሲላቀቅ አየችው። አሁን፣ አለች በልቧ። አሁን ይጠራዋል። ዓይኗን ጨፈነች።

«እናቴ!»

ዳሱ ተናወጠ። «እናቴ! እናቴን! ሳልቀብራት! ወይኔ ሰውዬው፣ እናቴን ሳልቀብራት!» ደረቱን በሁለት እጁ ይመታ ጀመር። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ያዙት።

«ምን ነካህ ዘሩ? ከትናንት ወዲያ በእጅህ አፈር አልብሰህ! ቀብረሃታል እኮ!»

«አልቀበርሁም! አላየሁም! ፊቱን... ፊቷን ሳላይ!»

«ቀብረሃታል፣ ወንድሜ። አይዞህ። እኛም ነበርን።»

«ሐዘኑ ራሱ ላይ ወጣበት» አሉ አንድ ሽማግሌ። «አስቀምጡት።»

ውባንች አልተንቀሳቀሰችም። ዘሩን አየች፤ ከዚያ የሀብትነሽን ራቁት ራስ። እጇ ወደ ጃኬቷ ኪስ ሄዶ እዚያ ያለውን ነገር ጨበጠ፤ ያ አንዱ ደብዳቤ ይሆን፣ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ብዙ ጊዜ እንደታጠፈና እንደተዘረጋ ወረቀት ለስላሳ ነበር ድምፁ። ሀብትነሽ ውባንች እስክትናገር ጠበቀች።

«ቀብረሃታል፣ ዘሩ» አለች ውባንች በመጨረሻ። «ጓድ» አላለችውም። «እግዜር ያጥናህ። እስከ አርባቸው ማንም መጥቶ ምንም አይጠይቅህም። እኔ አለሁ።» ከዚያ በኋላስ ምን እንደሚሆን አልተናገረችም። ሴቶቹን «በሉ እጠቧት፣ ውሃው በረደ» ብላ ዞረች። ከዳሱ ስትወጣ ሰሊጦቹ በሰው መሃል ርቀው ሄዱ፤ ሀብትነሽ አጥሩ እስኪጋርዳቸው ተከተለቻቸው።

አርባ ቀን። ሠላሳ ስምንቱ ቀርቷል። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ቢሆንም እግሯ ስር መሬት ያለ መሰላት።

ዱካው ላይ አስቀመጧት። ውሃ የያዘችው ሴት ጣሳውን ስታነሣ ዘሩ የያዙትን ሰዎች እጅ ቀስ ብሎ አላቀቀና መጣ።

«አምጭው» አላት።

«አንተ? ወንድ ሆነህ?»

«አምጭው።»

ጣሳውን ተቀበላት። የሚስቱን ራስ ወደ ፊት ዘንበል አደረገና ውሃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። ሴቶቹ ተያዩ። «ለናቱ የተላጨችለትን ሚስት አከበራት» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድ።»

ሀብትነሽ ቀና ብላ አላየችውም። ውሃው በግንባሯ፣ በአፍንጫዋ እየወረደ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል። እጁን ብቻ ታውቃለች፤ ሻካራ ነው። ግንባሯን አለፈ፤ መሃል ራሷን አለፈ፤ ወደ ግራ ጆሮዋ ወረደ። ምላጩ የቆረጣት ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቁስሉ ገና አልደረቀም።

አልጠየቃትም። ያ ድምፁ ወንዝ የሚሻገር ሰው ትንፋሹ እንኳ አልተሰማም። መዳፉን ቁስሉ ላይ አስተኝቶ እንደያዘው ቆየ፤ በሌላ እጁ የያዘው ጣሳ ተዘንብሎ ውሃው ሁሉ መሬት ላይ ፈስሶ ሲያልቅ እንኳ መዳፉን አላነሣም።